ቀላል ሰው እና ቀለል ያለ ሰው፦ አንድ ጥያቄና 15 መልሶች

ጥያቄውን የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት የአባቴ አርባ ባለፈ በሦስተኛው ማታ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። የጻፍኩት ይህን ነው።

አባቴ ስለ ተዝካሩ አንድም ቃል ሳይናገር አረፈ። ወንድሜና እኔ ተቀምጠን መከርን። ድንኳን አንተክልም፣ በሬ አንጥልም፣ አንበደርም አልን። በአርባው ቀን ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ደረሰ። በደጁ ለነበሩት ነድያን ምሳ ወሰድን። ከዚያ 14 የቅርብ ሰዎች ቤት መጡ። ወጡን የሠራነው ወንድሜና እኔ ነን። ቡና ተፈላ። አባቴን እያነሳን አወራን። ወንድሜ የሬዲዮኑን ታሪክ ሲያመጣት ሁሉም ሳቀ። የአባቴ ታላቅ እህት ብቻ አልሳቀችም።

ሊመሽ ሲል እንግዶቹ ተነሱ። አክስቴ በሩ ላይ ጫማዋን እያደረገች «የወንድሜን ስም አቀለላችሁት» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከኋላዋ የወጡት ጎረቤታችን ደግሞ እጄን ይዘው «ቀለል አድርጋችሁ ስላወጣችሁት ደስ ብሎኛል፤ እሱም ቀለል ያለ ሰው ነበር» አሉኝ። በሁለቱ ንግግር መካከል አንድ ደቂቃ አይሞላም።

«ቀላል ሰው» ስድብ ነው። «ቀለል ያለ ሰው» ምስጋና ነው። ታሞ የሰነበተ ሰው «ዛሬ ቀለል ብሎኛል» ሲለን ደስ ይለናል። «እገሌ እኮ ቀለለ» የተባለበት ሰው ግን አንገቱን ይደፋል። ታዲያ ቀለል ብሎ መኖር፣ ቀለል አድርጎ ማሰብ ምን ማለት ነው? ብዬ ጠየቅሁ። ክብርና ክብደት ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፣ ከባዱን ሁሉ የምናከብረው ለዚህ ይመስለኛል ብዬም ጨመርኩ። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ስህተት ነበረች። ግን ብዙ ነገር ጎትታ አመጣች።

1ኛው መልስ የመጣው ገና በሌሊቱ ነው። ፈጣሪ ያጽናሽ የሚል አጭርና ደግ መልስ። የአክስትሽን ነገር ከልብሽ አታግቢው ይላል።

2ኛውን የጻፉት ጎጃም የአብነት ትምህርት የተማሩ አባት ናቸው። በእርጋታ የመታሰቢያ ቀኖቹን ቆጠሩልኝ፦ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት። በእነዚህ ቀኖች የሚፈለገው ጸሎትና ምጽዋት ነው፤ ድንኳኑ የባህል ነው አሉ። ቀጥለው ግን ጠንከር ያለች ነገር ጣል አደረጉ። ድንኳን በመተው አዲስ ነገር ያገኘሽ እንዳይመስልሽ፣ ድሃ ሁሌም እንዲሁ ነው ያደረገው ነው የነገሩ ፍሬ። ስለ ቃሉም አንድ ነገር አከሉ። ንጉሥ ብልጣሶር በሚዛን ተመዝኖ ቀልሎ ተገኘ፣ መንግሥቱም አለፈች። ጌታ ደግሞ ሸክሜ ቀሊል ነው ብሎ ደካሞችን ጠራ። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አሉ። ሰው ራሱ ሲመዘን እንዳይቀል፣ የሚሸከመው ግን እንዲቀልለት መጸለይ አለበት አሉ። እሳቸው በሁለት መስመር የጨረሱትን እኔ አርባ ቀን ሙሉ ስፈልገው ነበር።

3ኛው ከባሕር ዳር የመጣ የቋንቋ መምህር ነው። ትሕትና ባለው አነጋገር አረመኝ። ክብርና ክብደት ከአንድ ሥር አይደሉም። በግዕዝ አንዱ ከብረ ነው፣ ሌላው ከብደ ነው። በመጨረሻው ፊደል ይለያያሉ፣ ዘራቸውም ለየብቻ ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እርማት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። እሱ ግን ወደ ጥያቄዬ ልብ ገባ። ረዥም አለ፣ ረዘም ያለ አለ። ጥቁር አለ፣ ጠቆር ያለ አለ። ከባድ አለ፣ ከበድ ያለ አለ። አማርኛ በዚህ መንገድ ቃሉን ያለዝበዋል፣ ሙሉውን ሳይሆን በመጠኑ ይላል። ስለዚህ ቀላል ሰው ሁለንተናው የቀለለ ነው፣ ምንም የሚይዘው የለም። ቀለል ያለው ግን ክብደቱ አለ፤ ጥቂት አውርዷል እንጂ ባዶ አይደለም። ደግሞም «ቀለል አለ» ብለን እንደ ማንኛውም አድራጎት እናወራለን፤ ሰው ቆርጦ የሚያደርገው ነገር ነው። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አፌን የፈታሁበት ቋንቋ መልሱን ይዞት ኖሮ እኔ አላየሁትም።

ከእስራኤል፣ ከነታንያ ከተማ የተጻፈው 4ኛው መልስ ለስህተቴ ያልጠበቅሁትን ጥብቅና ቆመላት። በዕብራይስጥ በእርግጥም አንድ ሥር ነው አለ። ክብር ካቮድ ነው፣ ከባድ ካቬድ ነው። ጉበት እንኳ ካቬድ ይባላል። ቀላል ደግሞ በዕብራይስጥ «ቃል» ይባላል፤ ከዚያው ሥር «ቅላላ» ይወጣል፣ እርግማን ማለት ነው። ከዚያ ስለ ወላጆቹ ጻፈ። አባቱ በጎንደር ገጠር ሰው የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ። እስራኤል ከገቡ በኋላ ባንክ፣ ሐኪም ቤትና መሥሪያ ቤት ሲሄዱ የሚያስተረጉምላቸው የ10 ዓመት ልጃቸው፣ እሱ ራሱ ነበር። ሰው ሲገላግሉ የኖሩት አባት ልጃቸው እስኪናገርላቸው ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር። አባቴ ቀለለ፣ ግን ቀለል አላለም ነው የሚለን። ክብደቱን በፈቃዱ ያወረደና ክብደቱን የተቀማ ሰው አንድ አይደሉም። እኔ ስጠይቅ እንዲህ ያለው ቅለት በጭራሽ ትዝ አላለኝም ነበር።

5ኛዋ የደሴ ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት። በቁርኣን፣ በሱረቱል ቃሪዓ ሚዛኑ የከበደለት ሰው በደስታ ኑሮ ይኖራል፣ ሚዛኑ የቀለለበት ግን ወዮለት ተብሏል አለች። በሌላ ቦታ ደግሞ አላህ ሊያቀልላችሁ ይሻል፣ ሰው ደካማ ሆኖ ተፈጥሯልና ይላል። ከ2ኛው መልስ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ራሷ አመለከተች። የወደድኩት ግን ተግባራዊውን ነው። የአጎታቸው ልጅ ጀዕፈር በሞተ ጊዜ ነቢዩ ሰዎችን ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ ሥሩላቸው ብለዋል። ሐዘንተኛ ይበላል እንጂ አያበላም ማለቷ ነው። እሷ ሰፈር ሐዘን ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሐዘንተኛው ምድጃ አይነድም።

እስከዚህ ድረስ የመልሶቹ ክር ለስላሳ ነበር። 6ኛው መልስ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ።

ሰውየው ሰላምታም አላስቀደመም። ይህ ቅለት ሳይሆን ስስት ነው አለኝ። አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ድንኳን ተቀምጦ በልቷል፣ ጠጥቷል። የእሱ ተራ ሲደርስ በሩን ዘጋችሁ። ብድር በምድር ነው። ሰፈሩ እናንተ ቤት ቁጭ ብሎ እናንተን ማጽናናት ነበረበት፤ ያንን ዕድል ነጠቃችሁት። ገንዘባችሁን አተረፋችሁ፣ ከዚያ ስም አወጣችሁለት። እንዲህ ነበር አካሄዱ። ፊቴ ጋለ። መልስ ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። ምክንያቱም ከፊሉ እውነት ነበር። ድንኳን ብድር መመለሻም ነው። 14 ሰው ስጠራ ያልተጠራው ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም ነበር።

እኔ ሳልመልስ 7ኛዋ መለሰችለት፣ ከእሱም ብሳ። የሰሜን ሸዋ ልጅ ናት። አያቷ ሲሞቱ ሴት አያቷ ለተዝካሩ ጥማድ በሬያቸውን ሸጡ። በተከታዩ ክረምት የሚያርሱበት አልነበረም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጡ፣ ግማሹ እህል እሱ ጋ ሄደ። አጎቷ ትምህርቱን አቋርጦ እረኛ ሆነ። የበላው ሰው ዓመት ሙሉ የሟቹን ስም ሲያመሰግን ከረመ። ስሙ ከበደ፣ ቤቱ ቀለለ ትላለች። 6ኛውን ከእነዚያ ከበሉት አንዱ ሳትሆን አትቀርም ብላ ዘጋችው። ይህቺ እንኳ አላስፈለገችም። የጥማዱ ታሪክ ብቻውን በቂ ነበር።

ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል 8ኛው ወጣት አበበ ቢቂላን ይዞ ገባ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ስላልነበረው ነው፣ ሌጣውን ስለሆነ ቀለለው፣ ስለቀለለው አሸነፈ የሚል ነው ሐሳቡ። 9ኛው ወዲያው አረመው። ጫማ ነበረ፤ ግን አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው በልምምድ እንደለመደው በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም የገባበት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ስለዚህ ቅለቱ እግሩ ላይ አልነበረም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት መራመድ ተሳነው። ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሳተፈ። 9ኛው ስለ ቀለል ማለት ካሰብን ከሮም ይልቅ ይህቺን ቀስት እናስባት ይላል። እኔም እስማማለሁ። ሁለት ወርቅ ያገኘባቸው እግሮች እምቢ ብለውት፣ ሰው በቀሩት እጆቹ እንደገና ጀማሪ ለመሆን ሲፈቅድ ምን ያህል ነገር ማውረድ አለበት!

10ኛው ወደ ጫማው ጎተተን። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው አዲዳስ አንዱ እግር 138 ግራም ነው። ዋጋው ያኔ 500 ዶላር ነበር። ቅለት ዛሬ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል፣ ግራም በቀነሰ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል አለ። እውነቱን ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት ሰዎች የትኛው ጫማ ለአስፋልት ይሻላል በሚል ቁጥር ሳይዙ ተከራከሩ። እሱን ልለፈው።

ወደ ነገሩ የመለሰችን የጅጅጋዋ 11ኛ ናት። አያቷ አርብቶ አደር ነበሩ። ቤታቸው አቃል ነው። የጎበጡ እንጨቶችና በእጅ የተሠሩ ምንጣፎች ናቸው። ሴቶቹ ይሠሩታል፣ ሴቶቹ ያፈርሱታል፣ ግመል ላይ ይጫናል፣ ሌላ ቦታ ይቆማል። ወተት የሚያዘው በሸክላ አይደለም፣ ሸክላ መንገድ ላይ ይሰበራል። ከሥርና ከልጥ ተጠባብቆ የተሠራ፣ በጭስ የታጠነ ዕቃ ነው፣ አያፈስም። እያንዳንዱ ዕቃ ቤት ከመግባቱ በፊት ግመል ይችለዋል ወይ ተብሎ ይጠየቅለታል። ከተማ ስንገባ ሰዎች ይህን ድህነት ነው አሉን፤ ግን የዓመታት ሙያ ነው ትላለች። አያቷ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ቡራንቡር ግን በቃላቸው ይዘዋል፣ የሴቶች ግጥም ነው። ግመል ሳያስፈልገው የሚሄድ ብቸኛው ንብረታቸው እሱ ነው።

ይህን መልስ በጣም ወደድኩት። ቀለል ያለ ኑሮ እንዲሁ ከመተው የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ይሠራል፣ ይሸመናል፣ ይታጠናል።

ከዚያ 12ኛዋ መጣች።

የጅጅጋዋን መልስ አንብባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ አለች። ያንን ቤት የሚያፈርሱትም የሚጭኑትም ሴቶቹ ከሆኑ፣ ቀላሉ ለማን ነው? ቀጥላ የራሷን ቤት ነገረችን። ታላቅ ወንድም አላት። ሰፈሩ ሁሉ ቀለል ያለ ሰው ይለዋል። አይጨነቅም፣ አይኮራም፣ ያስቃል። እናታቸው ጋ ሲመጣ ቤቱ ይሞላል። የእናቷን መድኃኒት ግን የምትገዛው እሷ ናት። የሐኪም ቤት ወረፋ የምትይዘው እሷ ናት። የዕድሩን መዋጮ፣ የውሃውን ክፍያ፣ የለቅሶ ቤቱን ሁሉ የምትከታተለው እሷ ናት። ስለዚህ ፊቷ አይፈታም። ሰው ከባድ ናት ይላታል፣ እሱም ቀለል በይ እንጂ እያለ ይመክራታል። እሱ ያወረደውን ያነሳሁት እኔ ነኝ ብላለች። ወደ እኔም ዞረች። ድንኳኑን ስታወርጂ ማን ላይ እንዳረፈ ጠይቀሻል?

ያን ማታ ልመልስላት አልቻልኩም። ክሩ ውስጥ ካለው ሁሉ እኔን የነካኝ እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ቀለል ማለትን በእኔና በሸክሜ መካከል ያለ ጉዳይ አድርጌ ነበር የማየው። ሸክም ግን ሲወርድ አየር ላይ አይቀርም። ወይ መሬት ይይዘዋል፣ ወይ ሌላ ሰው። መሬት የሚይዘው ዓይነት አለ፦ ቂም፣ ጉራ፣ የማይጠቅም ዕቃ፣ ሰው ምን ይለኛል። እነዚህን ብታወርዳቸው ማንም አይጎዳም። የእናት መድኃኒት ግን መሬት አይይዘውም።

13ኛው ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ የሻንጣ ታሪክ ነው። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እናቱ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ሲጨምሩ እሱ ሲያወጣ ሌሊቱ አለቀ። ዘንድሮ ዝም ብሎ ይዞ ሄደ፣ የራሱን ልብስ ትቶ። አጭር ነው፣ ግን ከ12ኛዋ ቀጥሎ ሲነበብ ደስ ይላል።

14ኛውን ሳየው ልቤ ደነገጠ፤ ስስታም ያለኝ ሰውዬ ነበር። ይቅርታ ጠየቀ። እናቱ ስታርፍ እሱ ጅዳ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ አላለቀም ነበርና ቢወጣ መመለስ አይችልም። ሳይቀብራት ቀረ። የሁለት ዓመት ጥሪቱን ላከና በሰፈሩ ታይቶ የማይታወቅ ድንኳን ተተከለ። ወንድሙ ፎቶውን ላከለት። እስከ ዛሬ ስልኩ ውስጥ አለ። ሬሳዋን መሸከም ያልቻለ ልጅ የቻለው እሱን ብቻ ነበር። ድንኳን ተራ ነገር ነው ስትሉ ያቺን ፎቶ የቀማችሁኝ መሰለኝ ይላል። ሰሜን ሸዋዋ ከሥሩ አንድ ቃል አልጻፈችም፤ የልብ ምልክት ብቻ አስቀመጠች።

እኔም ለእሱ ጻፍኩለት። ድንኳንህ ከባድ ነበር፣ ደግሞም ትክክል ነበር አልኩት። እንዲህ ስጽፍ ከአቋሜ የሸሸሁ አልመሰለኝም።

15ኛው አጭር ነው። ያቺ የሬዲዮኑ ታሪክ ምንድን ናት? ብሎ ጠየቀ።

ልንገራችሁ። አባቴ ሬዲዮን ነበረው። ቤት ተሰብሮ ተወሰደ። ከወር በኋላ መርካቶ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ አየው። ጎኑ ላይ ያለውን ጭረት ያውቀዋል። ፖሊስ አልጠራም፣ አልጮኸም። ተከራክሮ ዋጋ አስቀንሶ ገዛውና ይዞት መጣ። እናቴ ስትጠይቀው ሻጩ ምን አጠፋ? አላት። ከዚያ ባትሪ አስገብቶ ዜና ማዳመጥ ጀመረ። ቤታችን ስለ አባቴ ቀለል ማለት ሲወራ የምትጠራው ታሪክ ይቺ ናት።

መድረኩ ላይ ከመጻፌ በፊት ዝርዝሩን ላረጋግጥ ብዬ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ከአርባው ወዲህ አልተነጋገርንም ነበር። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ሬዲዮኑን የገዛበት ብር የእሷ እንደነበር ነገረችኝ። ለልጇ የደንብ ልብስ ያስቀመጠችው ነው። በማግሥቱ እመልሳለሁ ብሎ ወስዶ ረሳው። እሷም አልጠየቀችውም። ስንስቅ ያልሳቀችው ለዚህ ነበር። ቂም ይዛ እንዳይመስለኝ ደግማ ደጋግማ ነገረችኝ፤ ብቻ ታሪኩ ሲወራ እሷ ያለችበት ቦታ ሁሌም ይዘለላል።

ይህንን ለ12ኛዋ ጻፍኩላት። መልሷን ገና እየጠበቅሁ ነው።

ሰማንያው ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው አክስቴ ራሷ ደወለች። ስለ ድንኳን አላነሳችም። ስንት እንጀራ ላምጣ? አለች። እኔም ስንት ሰው እንጥራ? ብዬ ጠየቅኋት። ስም እየጠራች አስቆጠረችኝ፤ 14 የነበረው 31 ሆነ። እንጀራው ሃያ ይበቃል፣ የቀረውን እኔ እጋግራለሁ አልኳት። ሠላሳ ይዛ መጣች።